አሥራ ዘጠኙ እርምጃዎችና የአሥራ አንድ ቀሚሶች ልክ

ኋላ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» የሚል እንዳይነሳ የነበሩትን ሁሉ በስማቸው ልጥራ። ያን ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ በምትወርደው፣ በስፌት ማሽኖቿ ጩኸት «መኪና ግርግር» በተባለችው መንገድ፣ በጋሽ ሙሜ የልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ ረመዳን ነበረ። ረመዳን ሱቁን ከጋሽ ሙሜ ጋር ተካፍሎ በራሱ ማሽን የሚሰፋ፣ ሲሰፋ የሚያፏጭ፣ ሳይሰፋ የሚያሾፍ ሰው ነው። ወይዘሮ ኑሪያ ነበሩ፤ ልጃቸው በዚያው ሳምንት እሁድ የምትዳር፣ ጨርቃቸውን በሁለት ከረጢት ይዘው የመጡ። ሻምበል ግርማ ነበሩ፤ ድሮ ለሥራ ተመድበው መጥተው፣ ጡረታ ሲወጡ መመለሱን ረስተው ሐረር የቀሩ። እሳቸው ሽርጥ ታጥቀው ነበር የተቀመጡት፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ሞባይል ጠጋኙ ቴዲ ከፊት ለፊት ሱቁ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቴዲ ችግር ያለበት በር ሁሉ ላይ የሚቆም ሰው ነው። እኔም ነበርኩ። ጋሽ ሙሜ ብቻ አልነበሩም።

ኮምፒውተሩን እዚያ ሱቅ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ከዚያ በፊት ጋሽ ሙሜ የደንበኞቻቸውን ልክ የሚጽፉት ጀርባው በክር በተሰፋ ደብተር ላይ ነበር። ደብተሩ ውስጥ ስም የሚባል ነገር የለም፤ «ወፍራሙ መምህር»፣ «የፋርማሲዋ እህት»፣ «ያ ቀብራራ» እንጂ። አንድ ቀን «ያ ቀብራራ» ልኩን ሊያይ ደብተሩን ሲገልጥ ራሱን አገኘ። እኔም ጊዜው ደረሰ ብዬ ፕሮግራሜን ይዤ ቀረብኩ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መጽሐፍና ከራሴ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ገጽ አለው። ስምንት ወር ፈጅቼ የሠራሁት ፕሮግራም የሰው ስም ሲጽፉለት ደረቱን፣ ወገቡን፣ ትከሻውን፣ የእጅጌውን ርዝመት እስከ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ድረስ ይናገራል።

ፕሮግራሙ ለብቻው የሚቆም ነው። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ያን ቀን የያዘልኝ ሰው አልነበረም። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ከመንግሥትም ከሰማይም ጋር አይገናኝም። ፕሮግራሙ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ልኮቹ ሁሉ የተጻፉበት፣ መረጃ ቋት የምንለው አንድ ፋይልም እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። እንደ ጀጎል ቤቶች ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ቢያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። ጠዋት ፕሮግራሙ ሲከፈት ጎረቤቱን ይጠራል፣ ጎረቤቱ አቤት ይላል፣ ሥራ ይጀመራል። አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳይግባቡ ቀርተው አያውቁም። ይህን ለመንገዱ ሰው ሁሉ ነግሬአለሁ፤ ሳልጠየቅም ነግሬአለሁ።

ያን ረቡዕ ግን ቢጠራ አቤት የሚል ጠፋ። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «ከመረጃ ቋቱ ጋር መገናኘት አልተቻለም። እባክዎ ባለሙያውን ያነጋግሩ።» ባለሙያው እኔ ነኝ። ጽሑፉንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ማንም አያየውም ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ውሻ የሌለው ሰው በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ እንደሚለጥፈው።

ቀኑም እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። የወይዘሮ ኑሪያን ልጅ የሚያጅቡ አሥራ አንድ ልጃገረዶች አንድ ዓይነት ቀሚስ ይለብሳሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት የጋሽ ሙሜ ባለቤት ልጆቹን ከመጋረጃ ጀርባ አንድ በአንድ ሲለኩ፣ ጋሽ ሙሜ ከወዲህ ሆነው እየሰሙ ኮምፒውተሩ ላይ መዝግበዋል። ጨርቁ እስኪደርስ ልጆቹ ተበተኑ፤ አብዛኞቹ ድሬዳዋና ጅግጅጋ ናቸው፣ አንዷ አዲስ አበባ ፈተና ላይ ናት። የሚመለሱት ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ያልተቆረጠ ቀሚስ ደግሞ እሁድ አይለበስም። ጋሽ ሙሜ የዚያኑ ዕለት ንጋት ላይ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ድሬ ጠያራ አጎታቸው መሞታቸውን ሰምተው ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ ለረመዳን መልእክት ትተው ነበር፦ አንተ ቁረጥ፣ ልጁ ልኩን ያንብብልህ። «ልጁ» የተባልኩት እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ኑሪያ እስከ ቀትሩ የዙሁር ሰላት ካልተጀመረ ጨርቃቸውን ሰብስበው ወደ ሌላ ሰፊ እንደሚሄዱ በለሰለሰ ድምፅ ነገሩን። የድምፃቸው ልስላሴ ነው ያስፈራን። ለጋሽ ሙሜ በዚህ መንገድ ላይ ከዚህ የከፋ ውርደት የለም። ለእኔ ደግሞ ደብተሩ ይመለሳል ማለት ነው። ረመዳን ደብተሩን ከመደርደሪያው አውርዶ አቧራውን እፍ ሲልበት በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋሽ ሙሜ ዘንድ ደወልን። ስልካቸው መሳቢያው ውስጥ ጮኸ።

እኔ ነገር ሲበላሽ የምከተለው አሥራ ዘጠኝ እርምጃ አለኝ። በቁጥር ጽፌዋለሁ፣ ከሥሩም በቀይ አስምሬ «አይዘለልም» ብዬበታለሁ። ሰው የሚሳሳተው ስለሚዘል ነው። መጀመሪያ ገመድ፣ ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን፣ ቀጥሎ ፕሮግራሙ መረጃ ቋቱን የሚፈልግበት አድራሻ በትክክል መጻፉ፣ እያለ ይቀጥላል። ገመዱን ነቅዬ ስመልስ ወይዘሮ ኑሪያ ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ያ ፋይል የምትለው ነገር ቦታው ላይ አለ?»

«እሱ አሥራ ሰባተኛ ላይ ነው እትዬ።»

እንደ መሳቅ ብዬም ነበር፤ አሁን ሳስበው የማፍርበት ፈገግታ ነው። ፋይል እግር የለውም፤ የት ይሄዳል? አሥራ ሰባተኛ ላይ ያስገባሁትም ለወጉ ያህል ነበር።

ቴዲ «መገናኘት አልተቻለም» የሚለውን በሩ ላይ ሆኖ አንብቦ ምርመራውን ጨርሷል። ኔትወርክ ነው አለ። ኔትወርክ አያስፈልገውም አልኩት። መገናኘት ይላል እኮ፣ መገናኘት ኔትወርክ ካልሆነ ምንድነው አለ። ግድግዳ ስለሚጋሩት ጎረቤቶች ሳስረዳው ስልኩን አውጥቶ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ጋር አገናኘልኝ። ኮምፒውተሩ ለወራት ኢንተርኔት አይቶ አያውቅም። ጾም እንደፈታ ሰው ያገኘውን ሁሉ ማውረድ ጀመረ፤ ማውሱን ለማንቀሳቀስ እንኳ ፈቃድ የሚጠይቅ እስኪመስል ድረስ ፈዘዘ። የቴዲ ዳታ ሲያልቅ ነው የተላቀቁት። ቴዲም «ይኸው፣ ኔትወርክ የለውም አላልኩም?» ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ።

አሁን ስለ ሽርጡ። ሻምበል በጠዋት የመጡት የለበሱት ካኪ ሱሪ ወገቡ ሰፍቷቸው ሊያስጠብቡት ነው። ጋሽ ሙሜ አለመኖራቸውን ሳይሰሙ ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ሱሪውን አወለቁ፤ የሱቁን ሽርጥ ታጥቀው ብቅ አሉ። ረመዳንም ስፌቱን ተረተረው። ከዚያ የኮምፒውተሩ ነገር መጣና ሱሪው ወገቡ እንደተከፈተ ቀረ። ሽርጥ በሐረር ማንም ወንድ የሚታጠቀው ልብስ ነው፤ ለሻምበል ግን ያለ ቀበቶ አደባባይ መውጣት ከጦር ግንባር ከመሸሽ የሚለይ አልሆነላቸውም። ስለዚህ መሄድ አይችሉም፤ መሄድ የማይችል መኮንን ደግሞ ማዘዙ አይቀርም።

«እኔ የመገናኛ መኮንን ነበርኩ፣» አሉኝ። «ግንኙነት ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚጣራው መስመሩ አይደለም፤ ሰውየው ነው። ሰውየው በቦታው አለ?»

ይህም አሥራ ሰባተኛ ላይ እንደሆነ በአክብሮት ነገርኳቸው። ስንተኛ ላይ ነህ አሉኝ። ዘጠነኛ ላይ ነበርኩ። ያን ስናገር መብራት ሄደ።

መብራቱ አርባ ደቂቃ ቆይቶ መጣ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ረመዳን መቀሱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። በእኛ ከተማ ወዳጅ ወዳጁን፣ ወንድም ቢሆን፣ «አንቺ» ነው የሚለው፤ የሌላ አገር አንባቢ እንዳይደናገር።

«አቦ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«አንደኛ እርምጃ ላይ ነኝ።»

«ገመዱን ቅድም ነካክተሽው የለ?»

«መብራት ከሄደ ቀድሞ የታየው ሁሉ አይታመንም።»

ሲስቅብኝ ቆየ። ይሳቅ። እርምጃ እንደ ሜትር ነው፤ ከመሐል ጀምሮ የሚለካ ሰፊ አይቼ አላውቅም። ይህን ስለው ሳቁን ለጊዜው አቆመ፤ ከዚያ ለሻምበል ነገራቸውና አብረው ሳቁ።

አሥራ አራተኛው እርምጃ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ጫንኩት፣ ከፈትኩት፤ የስሕተቱ መልእክት ጠፋ። ለሦስት ሰከንድ ያህል የሱቁ አለቃ እኔ ነበርኩ። ወይዘሮ ኑሪያ መነጽራቸውን አድርገው የወጣውን ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡት፦ «እንኳን ደህና መጡ። የመጀመሪያ ደንበኛዎን ይመዝግቡ።»

የረመዳን ፉጨት ቆመ።

«የመጀመሪያ ደንበኛ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ። «እኔ ወላሂ እዚህ ቤት የሰርግ ልብሴን ነው ያሰፋሁት።»

የሆነው ይህ ነው። ፕሮግራሙን ስሠራ፣ አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጭነው እንዳይቸገር ብዬ፣ አብሮት ባዶ መረጃ ቋት እንዲመጣ አድርጌ ነበር። አዲሱ ባዶ ፋይል በአሮጌው ቦታ ተቀምጦ ጥርሱን እያሳየ ይስቃል። አጠፋሽው አለ ረመዳን። አጠፋው አለ ቴዲ ከበሩ። ሻምበል ሽርጣቸውን ጠበቅ አደረጉ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ለአፍታ ያጠፋሁት መሰለኝ። የሁለት መቶ ሰው ትከሻ፣ የአሥራ አንድ ልጃገረድ ወገብ። ግን ወደ አሥራ አምስተኛው እርምጃ አለፍኩ። ሌላ ሰው ቢሆን አለቀ ብሎ ይቆም ነበር። እኔ አልቆምኩም፤ አምስት እርምጃ ይቀረኝ ነበር።

አሥራ ሰባተኛ፦ ፋይሉ በቦታው አለ? አለ፤ ባዶውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኛ። አሥራ ስምንተኛ፦ በውስጡ ምን አለ? ምንም። አሥራ ዘጠነኛ፦ መጠባበቂያ ቅጂ።

እዚህ ላይ ልኩራ። ማታ ኮምፒውተሩ ሊጠፋ ሲል የመረጃ ቋቱን ቅጂ የዕለቱ ቀን በተጻፈበት ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጥ ነገር ለብቻው ሠርቼ ነበር። ከፈትኩት። አራት ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳይጎድል፣ ፎልደሮቹ እንደ ሰልፈኛ ተሰድረው ተቀምጠዋል። የመጨረሻውን ከፈትኩ፤ ባዶ። ከእሱ በፊት ያለውን ከፈትኩ፤ ባዶ። ሁሉንም ከፈትኳቸው፤ አንድ በአንድ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ፎልደሮች ውስጥ ቅጂ አለ፤ ከዘጠነኛው ጀምሮ እስከ ትናንት ድረስ ባዶነት በየቀኑ ስም ተጽፎለት ተቀምጧል። ስምንቱ ያሉት ደግሞ የአራት ወር አሮጌ ናቸው፤ የልጆቹ ልክ የለባቸውም።

ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ለምን ደስ እንዳለኝ ሱቁ ውስጥ የገባው ሰው አልነበረም። አስቡት። ቀን ቀን ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ስለዚህ ቀን ፋይሉ አለ። ማታ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሚቀዳ ነገር ይጠፋል፤ ስለዚህ ማታ ፋይሉ የለም። ይህ ፋይል አልጠፋም። ይህ ፋይል ማታ ማታ ይወጣል፣ ጠዋት ጠዋት ይመለሳል። ዛሬ ብቻ ነው ያልተመለሰው።

«ጫት ቤት ነው የሚያድረው?» አለ ረመዳን።

የሥራ ደብተሬን አወጣሁ፤ ያን ሱቅ የገባሁበትን ቀን ሁሉ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ዘጠነኛው ቀን ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጋሽ ሙሜ ከዚህ ሁሉ ዋናው የቱ ነው ብለው ጠየቁ። አሳየኋቸው። ፋይል ከቦታ ወደ ቦታ መውሰድም አስተማርኳቸው። ፈጥነው ገባቸው።» ይህን ጮክ ብዬ ሳነብ ረመዳን ተነስቶ ወደ ጋሽ ሙሜ የስፌት ማሽን ሄደ። ከመርፌዋ ሥር ያለችውን ክዳን ከፍቶ ጣቱን አስገባ። ባዶ ጣቱን አውጥቶ አሳየን። ማሾፉን ትቶ ነበር።

«ሙሜ ማታ ማታ ምን ይዞ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

የመኪና ግርግር ነባር ሰፊዎች አንድ ልማድ አላቸው። ማታ ሱቅ ሲዘጉ የታችኛው ክር የሚጠቀለልባትን ትንሽ ብረት ከማሽኑ አውጥተው በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። ያለ እሷ ማሽኑ ቢረገጥ ቢረገጥ አይሰፋም፤ ስለዚህ ማንም ገብቶ በሰው ማሽን አይሰፋም፣ ማንም አይዋስም፣ ባለቤቱም «አይሆንም» ብሎ ሰው አያስቀይምም። ጋሽ ሙሜ ይህን ሲያደርጉ ዕድሜያቸውን ኖረዋል። ኮምፒውተር ሲመጣ ሌላ ማሽን መጣ። ዋናውን ጠየቁ፣ አወቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ዋናውን ፋይል ቆርጠው በፍላሽ ያወጣሉ፣ ጠዋት ይመልሳሉ። ፋይል ቆርጦ ለመውሰድ የሚጫኑት ምልክት ደግሞ የመቀስ ሥዕል ነው። ልብስ ሰፊ መቀስ አይቶ ያልፋል?

ዙሁር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እኔ፣ ወይዘሮ ኑሪያና ሻምበል ባጃጅ ውስጥ ነበርን። ወይዘሮ ኑሪያ ለቅሶውንም እደርሳለሁ፣ ፋይል የሚባለውንም በዓይኔ አያለሁ ብለው ነው። ሻምበል ካኪ የሚበሳው የጋሽ ሙሜ ማሽን ብቻ ስለሆነ፣ ያለዚያች ብረት ሱሪያቸው እንደማይዘጋ ስላወቁ ነው። ረመዳን ጨርቁን ሊጠብቅ ቀረ። ቴዲ ሱቁ በር ላይ ቀረ።

ድሬ ጠያራ መንገዱ ረጅም አይደለም፤ አቧራው ነው ረጅም። በማሽላው መሐል ስንሄድ ሦስታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፤ ገብተን፣ ተቀብለን፣ እንወጣለን። ለቅሶ ቤት ግን ዕቃ ፍለጋ እንደማይገባ ያሰበ አልነበረም። ባጃጇ ስትቆም ከዳሱ ውስጥ ወንዶች ተነሱ። ጋሽ ሙሜ ከመሐላቸው ወጥተው ሲያዩን ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከከተማ ድረስ ለእኔ ብላችሁ እያሉ በየተራ አቀፉን። እኔም አቀፍኳቸው፤ አላህ ይዘንላቸው አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ግን ኀዘንተኛ አቅፌ ዓይኔ ኪሳቸው ላይ ነበር፤ ይህን የምጽፈው ከእኔ በቀር ሊናገረው የሚችል ስለሌለ ነው።

ወይዘሮ ኑሪያ ወደ ሴቶቹ ገቡ። እኛን ምንጣፍ ላይ ከፍ ካለው ቦታ አስቀመጡን። አንድ ሽማግሌ የሻምበልን ሽርጥ አይተው፣ የከተማ ክርስቲያን ሆነው የእኛን ሥርዓት አክብረው ለብሰው መጡ ብለው ለዳሱ ሁሉ አመሰገኗቸው። ሻምበል ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ምስጋናውን ተቀበሉ። ዱዓ ተደረገ። ሆጃ ቀረበ፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላ፣ ወተት የገባበት፣ ትኩስ፣ ቶሎ የማይጠጣ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሟቹን እንዴት ነበር የምታውቃቸው ልጄ?»

እኔ ውሸት አልችልም፤ ችሎታ ማነስ ነው እንጂ ጽድቅ አይደለም።

«አላውቃቸውም፣» አልኩ።

ዳሱ ውስጥ ጽዋ የሚያስቀምጥ ሰው ድምፅ ተሰማ። ሻምበል ጎኔን በክርናቸው ነኩኝ።

«ልጁ በጋሽ ሙሜ በኩል ነው የሚያዝነው፣» አሉ።

እንዲህ እያልን አንድ ሰዓት ሞላን። ጋሽ ሙሜ አጠገቤ ናቸው፤ ኪሳቸው ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ይርቃል፤ እኔም ስንዝሩን በዓይኔ ስለካ ቆየሁ። ስለ አጎታቸው ይነግሩኛል። መርፌ መያዝ ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው አሉኝ። ሰባት ዓመታቸው እያለ፣ በመጀመሪያ የሰፉትን ኪስ ተገልብጦ የተሰፋ መሆኑን እያወቁ አጎታቸው ዓመት ሙሉ ለብሰውት እንደኖሩ ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ነገር እየሰማሁ «ፍላሹን ይስጡኝ» የሚለው ቃል ከየት ይመጣል? ወይዘሮ ኑሪያ ያስቸኩሉናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። የሟች ባለቤት የልጅነት ጎረቤታቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ ተቃቅፈው እያለቀሱ፣ ስለ ቀሚስ የሚያስብ እኔ ብቻ ቀረሁ።

በመጨረሻ ሻምበል ተነሱ፣ እኛም ተከትለን ወጣን። ጋሽ ሙሜ እስከ ባጃጇ ሸኙን። አሁን ካልተናገርኩ አበቃ።

«ጋሽ ሙሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዋናው እርስዎ ጋ ነው?»

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ትንሿ ብረትና ፍላሹ በጥቁር ክር አንድ ላይ ታስረው ወጡ።

«ይኸው። ማሽን ልቡን ይዞ አያድርም። አንተ አይደለህ ‹ይህ ከሌለ ሌላው ሁሉ ባዶ ቀፎ ነው› ብለህ ያሳየኸኝ?»

ብዬ ነበር። ደብተሬ ላይም አለ። ይህን ብለው ፍላሹን አዩ፣ ወይዘሮ ኑሪያን አዩ፣ ሽርጡን አዩ፣ እኔን አዩ።

«የልጆቹ ልክ፣» አሉ። «ያ አላህ። ዛሬ የመጣችሁት ለዚህ ነው?»

ሻምበል አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የሚያድን ነገር ሊሉ እንደነበር አውቃለሁ። ቀደምኳቸው።

«የመጣነው ለዚህ ነው ጋሽ ሙሜ። የቆየነው ግን ለእርስዎ ነው።»

ሳቁ፤ ለቅሶ ቤት ስለሆነ በትከሻቸው ብቻ። ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ፍላሹን መዳፌ ላይ፣ ብረቷን በሻምበል መዳፍ ላይ አስቀመጡ። ስንሳፈርም እንዴት እንደሚመለስ አስረዱኝ፦ ፍላሹን ትሰካለህ፣ መቀሷን ትጫናለህ፣ ከዚያ ቦታው ሄደህ ትለጥፋለህ፤ ቀስ ብለህ፣ አትቸኩል። እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ሱቁ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ረመዳን ዝም ብሎ አልቆየም። ከአጃቢዎቹ አንዷን፣ የወይዘሮ ኑሪያን የእህት ልጅ ሐያትን አውቃታለሁ፣ ስትሄድ ስትመጣ አይቻታለሁ ብሎ የእሷን ቀሚስ በዓይኑ ቆርጦ ጨርሷል። ፍላሹን ሰካሁ። ኮምፒውተሩ በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ስላለ ይተካ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ባዶውን በሙሉው መተካት እንጂ ሙሉውን በባዶው አለመሆኑን ሦስት ጊዜ አንብቤ አረጋገጥኩ፤ አራቱም ከኋላዬ ቆመው አብረውኝ አነበቡ፤ ቴዲ እንኳ ከበሩ ገብቶ። ተጫንኩ። ፕሮግራሙ ጠራ፣ ጎረቤቱ አቤት አለ። ሁለት መቶው ሰው በስም በስሙ መጣ።

የሐያት ወገብ ሰባ አራት ነበር። ረመዳን የቆረጠው ሰባ ነው። በፊታቸው አነበብኩለት። ኮምፒውተሩ ተሳስቷል ብሎ እንደቆረጠው ተወው። የቀሩትን አሥሩን ግን ኮምፒውተሩ ባለው ልክ ቆረጣቸው፤ እኔ አነባለሁ፣ እሱ በኖራ ያሰምራል። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። የሻምበል ሱሪም ተዘጋ፤ ቀበቷቸውን አጥብቀው፣ ለሁላችንም ሰላምታ ሰጥተው ወጡ።

ጋሽ ሙሜ ዛሬም ማታ ማታ ልቡን ይዘው ይሄዳሉ። አልከለከልኳቸውም፤ ማሽኑ የእሳቸው ነው። ፕሮግራሙ ግን አሁን ቀን ክፍት እያለ ለራሱ ቅጂ ያስቀምጣል፤ የት እንደሚያስቀምጥ ለማንም አልናገርም፣ «ዋናው የቱ ነው» ለሚል ሰው በተለይ። የስሕተቱንም መልእክት ቀይሬዋለሁ፦ «መረጃ ቋቱ የለም። ኪስዎን ይመልከቱ።» ረመዳንና ሻምበል ተባብረው አሥራ ሰባተኛውን እርምጃ አንደኛ እንዳደርገው ይወተውቱኛል። አላደረግኩትም፤ አላደርገውም። ሃያኛ እርምጃ ጨምሬያለሁ፤ «ድሬ ጠያራ» ይላል።

አንድ ነገር ብቻ ሳይዘጋ ቀርቷል። አሥሩ ቀሚሶች እሁድ ዕለት ልክ እንደነበሩ ረመዳንም አይክድም። ስለ አሥራ አንደኛው ግን አልተስማማንም። ወይዘሮ ኑሪያ፣ ሐያት ስፌቱ እንዳይተረተር ፈርታ ሲጨፈር እጇን ከትከሻዋ በላይ አንዴም እንዳላነሳች ነግረውኛል። ረመዳን ደግሞ የሚስቱን ምስክርነት ይዞ፣ ልጅቷ ዓይን አፋር ናት እንጂ ቀሚሱ ምንም አላላትም ይላል። የሴቶቹ ጨዋታ ላይ ወንድ ስለማይገባ እኔም አላየሁ፣ እሱም አላየ። ስለዚህ ያን እሁድ እዚያ የነበራችሁ ሁሉ፣ እኔ የዘለልኩትን ሙሉልኝ። በተለይ ሐያት እጇን ስታነሳ ያየ አንድ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ ደብተሬ ክፍት ነው፣ እጽፈዋለሁ። የትኛው እጅ እንደነበረና በየትኛው ዘፈን ላይ እንደሆነ ጭምር ይናገር።